ሰገነቱ ግድግዳው ላይ ይንጠልጠል ወይስ በራሱ እግር ይቁም?

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ቤታችን ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከላይኛው ሳሎን ወደ ጓሮ የሚያስወጣ የእንጨት ሰገነት ልናሠራ አስበናል፤ 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ ከመሬት ከፍታው 3 ሜትር ያህል። የሚሠራልን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። እጁ የተባረከ አናጢ ነው፤ የቤታችንን በሮችና ቁም ሳጥኖች የሠራው እሱ ነው። ‹ግድግዳው ላይ አንድ ወፍራም እንጨት በረጅም ሚስማር እመታለሁ፣ ከፊት ሁለት ምሰሶ አቆማለሁ፣ አለቀ› ይላል። ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ ፊቱ በጌጥ ድንጋይ የተለበጠ ነው። የወለሉን ጣውላ ገዝተን ጓሮ ከምረነዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሠላሳ የሚሆን ዘመድ እንጠራለን፤ ባለቤቴ ሰገነቱ ያኔ እንዲመረቅ ጓጉቷል። በኋላ ደግሞ ጥጉ ላይ የሞቀ ውሃ መዘፍዘፊያ ገንዳ ማስቀመጥ ያምረዋል። እኔ ወደ ጓሮ የሚወርድ ደረጃና ከሥሩ ዝናብ የማይገባበት መቀመጫ ቢኖረኝ እወዳለሁ። ግን ልቤ አልረጋም። ስጠይቅ መልሱ ‹አትፍሪ› ብቻ ነው። የምፈራው በከንቱ ነው?»

— መሐል የገባሁት (የደብዳቤው ጸሐፊ)

እህቴ፣ በከንቱ አይደለም። የፍርሃትዎ ምክንያት እዚያው ደብዳቤዎ ውስጥ፣ «በረጅም ሚስማር እመታለሁ» የሚለው ላይ ተቀምጧል። ስለ ደረጃውም ስለ ገንዳውም እንነጋገራለን፤ አስቀድሞ ግን ይህ ሚስማር መቅረት አለበት።

ሰገነት ወደቀ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ምሰሶ ሲሰበር ነው። ምሰሶ ግን በቁሙ ሲጫኑት ብርቱ ነው፣ እምብዛም አይሰበርም። ሰገነት አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ከቤቱ ጋር ከተጋጠመበት ተላቆ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አግዳሚ ይለቃል፣ ወለሉ በቤቱ በኩል ቁልቁል ይታጠፋል፣ ላዩ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ሥር ይንሸራተታል። ምሰሶዎቹ ከዚያ በኋላም ምንም እንዳልተፈጠረ ቆመው ሊገኙ ይችላሉ።

እስቲ ሸክሙን በቁጥር እንየው። የመኖሪያ ቤት ሰገነት ሲነደፍ ከራሱ ክብደት ሌላ በካሬ ሜትር ወደ 195 ኪሎ የሚደርስ የሰውና የዕቃ ሸክም እንዲችል ሆኖ ነው። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች የግንባታ ደንብ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ልክ ይህ ነው፤ ከዚህ ከፍ ያለ የሚጠይቁ አገሮችም አሉ። የእንጨቱን የራሱን ክብደት 50 ኪሎ ብንጨምርበት 245 ይሆናል። የእርስዎ ሰገነት 12 ካሬ ነውና በጠቅላላው 2,940 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ቶን ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አናጢው እንዳሰቡት ቢሠራ ግማሹ፣ 1,470 ኪሎ፣ በፊት ምሰሶዎቹ ላይ ያርፋል። ሌላው ግማሽ የሚያርፈው በእነዚያ ሚስማሮች ላይ ነው። አንድ የቤት መኪና በሚስማር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ ወንበር ዘርግቶ እንደ መቀመጥ ይቁጠሩት።

ሚስማር በጎኑ ሲጫኑት መጥፎ አይደለም፤ ድክመቱ ወደ ኋላ ሲስቡት ነው። ሰገነት ላይ ደግሞ ሸክሙ ቁልቁል ብቻ አይደለም። ልጆች ሲዘሉ፣ ሰው መደገፊያውን ተደግፎ ሲወዛወዝ፣ ነፋስ ሲነሣ ወለሉ ከቤቱ ወደ ውጭ ይጎትታል። እንጨቱ በዝናብ እያበጠ በፀሐይ እየኮሰመነ ሚስማሩን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ያላላዋል። ይህ እንጨት ከእንጨት ጋር ሲያያዝ ነው፤ የእርስዎ ግድግዳ ይብሳል። የጌጥ ድንጋዩ የግድግዳው ልብስ እንጂ አጥንቱ አይደለም፤ የተያዘው በስሚንቶ ልጥፍ ነው። ከጀርባው ያለው ብሎኬት ውስጡ ባዶ ሲሆን የፊት ገጹ ውፍረት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሚስማሩ ድንጋዩን አልፎ፣ ልጥፉን አልፎ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነክሶ አየር ላይ ይወጣል። በብሎን ቢተካም ያው ነው። የሚነክሰው ነገር ከሌለ ብሎኑ ቢወፍር ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛው ጠላት ውሃ ነው፤ እሱ አይቸኩልም። አግዳሚው ከግድግዳው ጋር በተጣበቀበት ቀጭን ክፍተት ዝናብ ይገባል፤ ፀሐይና ነፋስ ስለማይደርሱበት ቶሎ አይወጣም። እንጨት በውስጡ የያዘው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ አይበሰብስም። ከዚያ በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ግን ፈንገሱ ሥራውን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2015 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ የአንድ አፓርታማ ሰገነት 13 ወጣቶች እንደቆሙበት ተገንጥሎ ስድስቱ ሞቱ፣ ሰባቱ ክፉኛ ተጎዱ። ሕንፃው አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሰገነቱን የተሸከሙት እንጨቶች ግን ውሃ ገብቶባቸው ከሕንፃው ጋር በተያያዙበት ላይ በስብሰው ነበር።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። የራሴን ቤት ሰገነት የሠራሁት በራሴ እጅ ነው፤ ግድግዳው ላይ በደንብ በብሎን አሥሬ። አግዳሚው አናት ላይ መልበስ የነበረበትን የውሃ መከለያ ላሜራ ግን «ጣሪያው ወጣ ያለ ስለሆነ እዚህ ዝናብ አይደርስም» ብዬ ተውኩት። በስምንተኛው ዓመት አንድ የላላ ጣውላ ላጠብቅ ወጥቼ፣ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ካቻቢቴውን አግዳሚው ላይ ተጫንኩት። እስከ እጀታው ሰመጠ። ከውጭ ቀለሙ ያማረ፣ ብሎኑም የጠበቀ ነበር፤ የጠበቀው ግን ትቢያ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ልጄ ጓደኞቿን ሰብስባ እዚያው ላይ ስትጨፍር ነበር። ካቻቢቴውን እስካሁን አልጣልኩትም።

ስለዚህ ያለዎት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የላይኛው ፎቅ ወለል ያረፈበትን የአርማታ ቢም ማግኘት። ቤትዎ ከተሠራበት ፕላን ላይ ይታያል፤ ፕላኑ ከሌለ በወለሉ ልክ የጌጥ ድንጋዩን ትንሽ ቦታ ላይ አንሥቶ ማየት ነው። ጠንካራ አርማታ ከሆነና መሐንዲስ አይቶ «ይችላል» ካለ፣ በአግዳሚው ቦታ ያለው የጌጥ ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ አግዳሚው በቀጥታ አርማታው ላይ በ12 ሚሊ ሜትር ብሎን ይታሠራል። ብሎኖቹ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ ይሄዳሉ፤ በአንድ መስመር ከተደረደሩ እንጨቱ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ከላይ ላሜራው ከግድግዳው ልስን ውስጥ ተነሥቶ አግዳሚውን አልፎ ይንጠለጠላል። ሲሊኮን የላሜራ ምትክ አይደለም፤ በጥቂት ዓመት ይላቀቃል፣ ያኔም የገባውን ውሃ ይዞ ያስቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ቤቱን ጨርሶ አለመንካት ነው። ሰገነቱ በስድስት ምሰሶ በራሱ ይቆማል፤ ከግድግዳው የሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኖረዋል። ለእርስዎ የምመርጠው ይህንን ነው፣ ያለማመንታት። የጌጥ ድንጋዩ አይነካም፣ ውሃ የሚታቆርበት ቦታ አይኖርም፣ ከብሎኬቱ ጀርባ ምን እንዳለ መገመትም ይቀራል። አናጢው ካሰቡት ሁለት ምሰሶ ሌላ ትርፍ ወጪው አራት ምሰሶና አራት መሠረት ነው።

አሠራሩን ልንገርዎ፤ ለአናጢው ለማሳየትም ይሆናል። አንዱን የምሰሶ ረድፍ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ራቅ አድርገው ያቁሙ፤ ሌላውን ከፊተኛው ጫፍ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ። በሁለቱ ረድፎች መካከል 2 ሜትር ይሆናል፤ ወራጆቹ፣ ማለትም ጣውላውን ከሥር የሚሸከሙት እንጨቶች፣ በሁለቱም ጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር አልፈው ይወጣሉ። የተለመደው ልክ ወራጁ በሁለት ድጋፍ መካከል ካለው ርዝመት ከአንድ አራተኛ በላይ እንዳይወጣ ነውና 2 ሜትር ሲካፈል ለአራት ልክ ይመጣል። ረድፉ ከግድግዳው መራቁ ሌላም ጥቅም አለው። ቤት ሲሠራ ከመሠረቱ ጎን የተቆፈረው ጉድጓድ በልቅ አፈር ስለሚሞላ እዚያ ላይ የቆመ ምሰሶ ከዓመታት በኋላ ይሰምጣል። ግማሽ ሜትር መራቅ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ቁፋሮው ያልተነካ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ድረስ መውረድ አለበት። ጥቁር ኮትቻ አፈር ከሆነ እርጥብ ሲሆን የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ነውና ጥልቀቱን መሐንዲስ ይወስን። መሬቱ በብርድ በረዶ በሚሆንበት አገር ደግሞ በረዶው ከሚደርስበት ጥልቀት በታች መውረድ ግዴታ ነው።

የመሠረቱ ስፋትም በግምት አይሆንም። በእያንዳንዱ ረድፍ ምሰሶዎች አናት ላይ ወራጆቹን የሚሸከም ቢም ይጋደማል፤ በአንዱ ቢም ላይ ከሚያርፈው 1,470 ኪሎ መካከለኛው ምሰሶ ከግማሽ በላይ፣ ወደ 920 ኪሎ ይደርሰዋል። መጠነኛ ጥንካሬ ያለው አፈር በካሬ ሜትር 7,000 ኪሎ ያህል ይችላል ብለን ብንነሣ 45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአርማታ መሠረት ይበቃል፤ ትርፍም አለው። አፈሩ ደካማ ከሆነ ይሰፋል። የምሰሶው እግር አርማታው ውስጥ አይቀበር! በየግንባታው የማየው ስሕተት ነው፤ እንጨቱ ከሥሩ እንደ ክር ውሃ እየሳበ ከመሬት ልክ ላይ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ባለበት አገርም ለምስጥ በር መክፈት ነው። አርማታው ከመሬት ከፍ ብሎ ይለቅ፣ ላዩ የብረት ጫማ ይታሠር፣ እንጨቱ ከአርማታው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ጫማው ላይ ይቀመጥ።

ምሰሶው 14 በ14 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 9 በ9 የሆነው ለዝቅተኛ በረንዳ ነው፤ በ3 ሜትር ቁመት ይለመጣል፣ ሲደርቅም ይጠመዘዛል። ቢሙ ከምሰሶው ጎን በብሎን አይንጠልጠል። ምሰሶው አናቱ ላይ ተቀርጾ ቢሙ እንጨቱ ላይ ይቀመጥ፣ ብሎኑ እንዳይንሸራተት ብቻ ይያዘው። ለዚህ ስፋት 5 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት እንጨቶች ተጣምረው ቢም ቢሆኑ፣ 5 በ20 የሆኑ ወራጆች ደግሞ በየ40 ሳንቲ ሜትር ቢደረደሩ ያለ ጭንቀት ይኬዳል፤ ጣውላውን በሰያፍ መደርደር ከፈለጉ ወራጆቹን ወደ 30 ያቀራርቡ። እንጨት ከእንጨት ይለያልና ቁጥሩን መሐንዲሱ በገዛችሁት ዓይነት ያረጋግጠው። ከቢሙ ሥር 2 ሜትር ተኩል ይተርፋል፤ ማንም ጎንበስ ሳይል ያልፋል።

አሁን ሰው የማያስበው ነገር ይመጣል። በስድስት እግር የቆመ ከፍ ያለ ሰገነት ቁልቁል ሸክሙን በደንብ ይችላል፤ የሚያስቸግረው ወዲያና ወዲህ መወዛወዙ ነው። ጠረጴዛ እግሮቹ ሲላሉ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ከግድግዳው ስንለየው የግድግዳውን ድጋፍም ስላጣን በምትኩ ሰያፍ መወጠሪያ እንሰጠዋለን፦ ከምሰሶው አናት በታች ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ተነሥቶ በ45 ዲግሪ ወደ ቢሙ የሚወጣ እንጨት፣ በሁለቱም ጫፍ በብሎን የታሠረ። በቤቱ ርዝመት አቅጣጫም፣ ከቤቱ ወደ ጓሮ በሚወስደው አቅጣጫም ይግባ። አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያጠነከረ ሰገነት በሌላው በኩል ይወዛወዛል። ለዓይን አያምርም የሚል ይመጣል፤ አይስሙት። የብረት ቱቦላሬ ምሰሶም ይሆናል፤ ቀጭን ሆኖ ብርቱ ነው። ያኔ ግን ሁሉ ነገር ብየዳው ላይ ይንጠለጠላል፤ የቱቦው አናትም ውሃ እንዳይገባበት መደፈን አለበት።

ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ሮንዴላው፣ የወራጁ መያዣ ብረት ሁሉ በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። እንጨቱ እንዳይበሰብስ የሚታከምበት የአሁኑ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ስላለበት ተራውን ሚስማር ቶሎ ይበላዋል። አሉሚኒየም ላሜራም ከዚህ እንጨት ጋር አይነካካ።

ወደ ሠላሳው እንግዳ እንምጣ። ሠላሳ ሰው በአማካይ 75 ኪሎ ቢሆን 2,250 ኪሎ ነው፤ ሰገነትዎ በትክክል ቢሠራ የሚችለው 2,340። በወረቀት ላይ ይችላል። ሰው ግን እንደ ወረቀት በእኩል አይሰራጭም፤ አንድ ሰው «ፎቶ እንነሣ» ሲል ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቺካጎ በአንድ ግብዣ ላይ በሰው የተሞላ ባለ ብዙ ፎቅ የእንጨት በረንዳ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሞተዋል። እኔ ብሆን ከአሥራ አምስት፣ ከሃያ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይወጣ አደርጋለሁ፤ በደንብ ተሠርቶም ቢሆን።

ገንዳውን ባለቤትዎ ይተዉት፤ ካልሆነም ከአሁኑ ይናገሩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 1,500 ሊትር የሚይዝ ገንዳ 4 ካሬ ላይ ቢቀመጥ ውሃው ብቻ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ነው፤ ገንዳውና ውስጡ የሚገቡት ሰዎች ሳይቆጠሩ ሰገነቱ ከተነደፈበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሊሠራ አይችልም ማለቴ አይደለም። ከሥሩ የራሱ ምሰሶና መሠረት ሊኖረው ይገባል፤ ይህም አሁን ካልታሰበ በኋላ ወለሉን አፍርሶ መጀመር ነው። መሬት ላይ ቢያስቀምጡት ግን ምንም ጣጣ የለውም።

መደገፊያውን በተመለከተ አናጢው ውበቱን ያውቁበታል፤ እኔ የምጨነቀው ስለ እግሩ ነው። በዚህ ከፍታ 107 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። በዘንጎቹ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ ማለፍ የለበትም፤ የሕፃን አካል የሚሾልክበት ልክ ነው። ልጆች ካሉ ዘንጎቹ የቆሙ እንጂ የተጋደሙ አይሁኑ፤ የተጋደመ ዘንግ ለልጅ መሰላል ነው። ጫፉ ላይ 90 ኪሎ የሚያህል ግፊት በየትኛውም አቅጣጫ ሊችል ይገባል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቋሚው እንደ መፈንቀያ ሆኖ ያባዛዋል፤ ቋሚውን የያዙት ሁለቱ ብሎኖች በ13 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ በላይኛው ብሎን ላይ ከ800 ኪሎ በላይ ይመጣበታል። ስለዚህ የመደገፊያው ቋሚ ጣውላው ላይ በቪት አይታሠር፣ እግሩም እንዲሳሳ አይቀረጽ። ከወራጁ ጋር ሙሉ ለሙሉ ዘልቆ በሚያልፍ ብሎን ይያዝ፤ ከጀርባውም በወራጆቹ መካከል መሸንቆሪያ እንጨት ይግባ። ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ከመውጣቱ በፊት አናጢው ራሳቸው በሙሉ ክብደታቸው ይግፉት።

ደረጃዎ ሊያስደነግጥዎ ነው። 3 ሜትር ለመውረድ እያንዳንዱ ደረጃ 17.6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 17 ከፍታ ያስፈልጋል፤ መርገጫው 28 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 16 መርገጫዎች ተደምረው ወደ 4 ሜትር ተኩል ይዘረጋሉ። ከሰገነቱ ራሱ ይረዝማል ማለት ነው። ጓሮው የማይበቃ ከሆነ መሐል ላይ ማረፊያ አበጅቶ ማዞር ነው። ለመጠቅለል ብለው ከፍታውን አያሳድጉ፤ አንዱ ደረጃም ከሌላው በአንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይለይ፤ እግር ልኩን በልምድ ይይዛልና የተለየው ላይ ይደናቀፋል። ከሥር ለሚቀመጡበት ከወራጆቹ በታች ተዳፋት ያለው ቆርቆሮ፣ በሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚወርድ፣ አሸንዳ ያለው ይሆናል። ግን አይቸኩሉ፤ አንድ ዓመት ይጠብቁ። እንጨቱ ይድረቅ፣ ውሃው በየት እንደሚንጠባጠብ ይታይ። ሲገጠምም በቆርቆሮውና በወራጁ መካከል ነፋስ ማለፊያ ይተው።

ሦስቱን ሳምንት በተመለከተ አልዋሽዎትም፤ አይደርስም። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። በሳምንቱ እንጨት ማቆም ቢቻልም ሙሉ ሸክም ለመጫን አይበቃም። ከዚያ በፊት ሥዕል መሠራት፣ ከሚመለከተው ክፍል የግንባታ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከጎረቤት ድንበር የሚፈለገው ርቀት መታወቅ አለ፤ በሰገነት ላይ የቆመ ሰው የጎረቤትን ጓሮ ያያልና ጎረቤትዎንም ቀድመው ያነጋግሩ። ከመቆፈራችሁ በፊት የውሃ፣ የኤሌክትሪክና የፍሳሽ መስመር በየት እንደሚያልፍ ይጠይቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ዘመዶቻችሁን ጓሮው ላይ ተቀበሏቸው፣ ምሰሶዎቹንም ቆመው ያዩአቸዋል።

ከሁሉ የከበደዎ ግን ይህ አይመስለኝም። የባለቤትዎን ወንድም ሳያስቀይሙ እንዴት ይነገራል? ነው ጥያቄው። «አልተማመንብህም» እንዳይመስል ይጠንቀቁ፤ ሰውየው በሙያቸው ጎበዝ ናቸው። በርና ቁም ሳጥን የሚሠራ እጅ ለጣውላውና ለመደገፊያው ከማንም ይሻላል። ቁም ሳጥን ግን ሰው ተሸክሞ በአየር ላይ አይቆምም፤ የሸክም ሒሳብ ሌላ ሙያ ነው። ስለዚህ ሥራውን ይክፈሉት፦ መሐንዲስ መሠረቱን፣ ምሰሶውንና ቢሙን አስልቶ ይሣልና ይፈርምበት፤ እሳቸው በሥዕሉ መሠረት ይሥሩት። ብዙ ጥሩ አናጢዎች አውቃለሁ፣ በልባቸው የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ አንድ ነገር ቢደርስ በወንድም ቤት ተጠያቂ መሆን ለማንም ይከብዳል። ከባለቤትዎ ጋር ብቻዎን ሲሆኑም «እፈራለሁ» አይበሉ፤ ፍርሃትን «አትፍሪ» ይመልሰዋል። «1,470 ኪሎው ምን ላይ ነው የሚያርፈው?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ቁጥር «አትፍሪ» አይመልሰውም።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ማታውኑ ይሠራ። ጓሮ የከመራችሁት ጣውላ መሬት ላይ ከሆነ ያንሡት። ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ብሎኬት ደርድሩ፤ በየጣውላው ንብርብር መካከል ቀጫጭን ርብራብ በእኩል ርቀት፣ አንዱ በሌላው ትክክል አስገቡ፤ ላዩን ሸፍኑት፣ ጎንና ጎኑን ክፍት ተዉት። በላስቲክ ዙሪያውን ከጠቀለላችሁት ይሻግታል፤ ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ይቆለመማል። አናጢውን አብረው እንዲደረድሩ ይጥሯቸው፤ ስለ ሥዕሉም ያኔ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ ያንሡላቸው።